ፒያሳ፣ ቸርችል፣ ለገሃር

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ሆነው ቁልቁል ይዩት እስቲ። መነሻው ፒያሳ፣ የጣሊያን ቃል። መንገዱ ቸርችል፣ የእንግሊዝ ሰው። መድረሻው ለገሃር፣ የፈረንሳይ ቃል። የአገሪቱ ዋና ከተማ እምብርት ላይ ሰው ከላይ እስከ ታች ወርዶ የራሱን አገር ስም ሳይጠራ ይጨርሳል።

አዛውንቱ፦ መሀል ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ አለልሽ፤ ዝቅ ሲል ጥቁር አንበሳ። ዘለሽ ነው የቆጠርሽው።

ወጣቷ፦ አልዘለልኳቸውም፣ እመጣባቸዋለሁ። ከላዩ እንጀምር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ቦታ ስም ያወጣው ግን መልአክ አይደለም። አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው ከተማው ሲቆረቆር ትልቁ ገበያ የሚቆመው እዚህ ነበር፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ሰዉ አራዳ ይለዋል። ቤተ ክርስቲያኑ አራዳ ጊዮርጊስ፣ የከተማው ጥበቃ የአራዳ ዘበኛ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ከተማውን የነጭና የጥቁር ብሎ ለመክፈል ዕቅድ አወጣ። ገበያውን ከዚህ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደና የአገሬው ሰው ገበያ አለው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያው ነው። አራዳን ለራሱ ሰዎች አመቻቸና በራሱ ቋንቋ ጠራው። ፒያሳ ማለት አደባባይ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ስም ነጋዴው ከአራዳ ለመባረሩ የተቆረጠ ደረሰኝ ነው፤ እኛ ደግሞ ዛሬም በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን።

አዛውንቱ፦ ታሪኩ ላይ አልከራከርሽም። ነገር ግን ጣሊያን የቆየው አምስት ዓመት ነው፣ ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስሙን ማን አቆየው? ጎንደር ፒያሳ አላት፣ ደሴም አላት፤ እነሱስ ጣሊያን ገብቶባቸው ነበር እንበል። ሐዋሳን ምን ትያታለሽ? ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፒያሳ ግን አላት! ለሐዋሳ ፒያሳ ብሎ ስም ያወጣ ጣሊያን የለም። ያወጣው የኛው ሰው ነው፣ የከተማ መሀል ማለቱ ነው። ሮም ሄደሽ ፒያሳ ውሰዱኝ ብትዪ የትኛው ይሉሻል፤ እዚያ አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ፒያሳ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ትናንት የገባ ሰው ነው። ቃሉ ፊደሉ ብቻ ቀርቶ ሥጋው ተለውጧል።

ወጣቷ፦ ወራሪ የተከለው ቃል ዘር ማፍራቱ ለእኔ ማጽናኛ አይሆንም። ጎንደርን አነሱ፤ ጎንደርም እኮ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ አራዳ አላት። ሐዋሳ ላይ ከተማ ሲሠራ ለመሀሉ የሚሆን የአገር ቃል ጠፍቶ ነው? አራዳ ነበረ። ያንን ትቶ ሰው ፒያሳን መረጠ። ይህ እኮ ሰዉ የጣሊያኑን ቃል የዘመናዊነት ምልክት አድርጎ መቀበሉን ነው የሚያሳየው። ወርቅ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ሲኒማ ያለበት ቦታ ፒያሳ ይባላል፤ ጭቃና ፍየል ያለበት አራዳ።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ተሳሳትሽ ልጄ። አራዳ መቼ ወደ ጭቃ ወረደ? ሰውየው አራዳ ነው ሲባል ምን ማለት ነው? የነቃ፣ ከተማ የገባው፣ የማይሸወድ። ተቃራኒው ፋራ ነው። የአራዳ ቋንቋ የሚባል ሙሉ ንግግር አለ፣ ወጣቱ ሁሉ የሚፈጥረውና የሚያድሰው። ቦታው ስሙን ለፒያሳ ለቀቀና አራዳ ራሱ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ። ሐረር የተወለደ ልጅ፣ ፒያሳን በዓይኑ ያላየ፣ አራዳ ነኝ ይልሻል። የትኛው የአዲስ አበባ ሰፈር ነው እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ? ቦሌ እንኳ አላገኘውም፣ ቦሌ ቢባል የሀብት ወሬ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይህ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ስሙ በሕይወት ካለ ወደ ቦታው መመለስ ቀላል ነው። ደግሞም ተጀምሯል፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማው በክፍለ ከተማ ሲዋቀር ይህኛው አራዳ ክፍለ ከተማ ተባለ እንጂ ፒያሳ ክፍለ ከተማ አልተባለም።

አዛውንቱ፦ መታወቂያ ላይ አራዳ፣ አፍ ላይ ፒያሳ። ወያላው ነገ ጠዋት መገናኛ ላይ ቆሞ አራዳ! አራዳ! አንድ ሰው የቀረው! ቢል ማን ይገባለታል? ሰዉ የሚሳፈረው ፒያሳ ብሎ ለተጣራው ነው።

ወጣቷ፦ የከተማ ስም የሚወስነው ወያላ ሆነ እንግዲህ።

አዛውንቱ፦ ምን ነውር አለው? ማዘጋጃ ቤት ስም ይሰጣል፣ ወያላ ይፈትነዋል። ማስረጃ ልስጥሽ። ፒያሳ መሀል ያለው አደባባይ ደጎል ነው የሚባለው፤ የፈረንሳዩ ጄኔራል ደጎል እ.ኤ.አ. በ1966 ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል። እስቲ ደጎል ወራጅ አለ የሚል ተሳፋሪ ሰምተሻል? ቶሞካ ቡና ያለበት መንገድ ዋቬል ጎዳና ነው፣ በእንግሊዙ ጄኔራል ስም። እዚያው አካባቢ ካኒንግሃም ጎዳና አለ፣ እሱም ጄኔራል ነው፣ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ የገባ። ሰዉ ግን ቶሞካ ጋ እንገናኝ ይላል። ዋቬል ማን እንደሆነ ቡናውን ከሚጠጡት መሀል አንድ የሚያውቅ ብታገኚ ዕድለኛ ነሽ። ስም የሚጸናው ሰው ወደ አንድ ቦታ ለመድረስ ሲቸግረው ነው። ካላስፈለገው ጄኔራልም ቢሆን ከሰሌዳው አይወርድም፣ አፍ ላይም አይወጣም።

ወጣቷ፦ መልካም። ታዲያ በዚህ ሚዛን ቸርችልን ምን አጸናው? እሱም እንደ ዋቬል በሰሌዳ ነው የመጣው።

አዛውንቱ፦ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሌላ መጠሪያ የለውም። ፖስታ ቤት አለበት፣ ሊሴ አለበት፣ ጥቁር አንበሳ አለበት። ሰው የሚገናኝበት ነገር ሞልቶበታል።

ወጣቷ፦ ሊሴ ካሉማ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ትምህርት ቤቱ ሊሴ ገብረ ማርያም ነው፤ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጣሊያንን ሲዋጉ የወደቁ አርበኛ ናቸው። ሰዉ ምን ብሎ ይጠራዋል? ሊሴ። የአርበኛውን ስም ጥሎ የፈረንሳይኛውን ያዘ። የእርስዎ ወያላ እንዲህ ነው የሚመርጠው ጋሼ።

አዛውንቱ፦ አጭሩን ነው የመረጠው፤ ፈረንሳይ ስለሆነ አይደለም።

ወጣቷ፦ ሁልጊዜ አጭሩ የውጭው መሆኑ አይገርምዎትም? ይሁን፣ ወደ ቸርችል እንሂድ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1927 ሮም ድረስ ሄዶ ሙሶሊኒንና ሥርዓቱን በጋዜጠኞች ፊት አሞግሷል። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ተቀበለ።

አዛውንቱ፦ በ1938ቱ ጊዜ ቸርችል ሥልጣን ላይ አልነበረም። ለሰው የሌለበትን አትጫኚበት።

ወጣቷ፦ ልክ ነው፣ ያኔ የወንበሩ ባለቤት ቻምበርሊን ነበር። ቸርችል ሥልጣን ላይ የነበረበትን ዘመን እንውሰድ። የካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ሚያዝያ 27፤ አንድ ወር ያህል ቆይተው፣ እንግሊዞች አሁን አይሂዱ እያሉ ስላዘገዩዋቸው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር መጣ። አገሩን እንደ ነፃ ወዳጅ አገር ሳይሆን እንደተያዘ የጠላት ግዛት ነበር ለማስተዳደር የሞከሩት፤ እስከ 1934ቱ ውል ድረስ ንጉሡ በገዛ ቤተ መንግሥታቸው እንግዳ ያህል ነበሩ። ኦጋዴንማ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። ምስጋናው ለየትኛው ነው?

አዛውንቱ፦ ምስጋናው ላልካድነው ነገር ነው። ንጉሡ አራት ዓመት ያህል እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲሰደዱ ማን ዞር ብሎ አያቸው? በ1932 መጨረሻ ላይ ወደ ካርቱም የተወሰዱት፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ከአርበኞች ጋር ጎጃም የገባው፣ ጣሊያን የተባረረው በቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ነው። ጥቅሙን አስልቶ ነው፣ እሱን ማን ያጣዋል። ውለታ የሚባለው ግን የዋለው ሰው ልቡ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ከሆነ ለማንም መንገድ አትሰይሚም። ንጉሡም የዋህ አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 ግብፅ ላይ መጀመሪያ ከሩዝቬልት ጋር፣ ቀጥሎ ከቸርችል ጋር ተገናኝተው የእንግሊዝን እጅ በአሜሪካ ለማስለቀቅ ይሠሩ ነበር። አንዱን በስም እያመሰገኑ በሌላው መገፍተር ዲፕሎማሲ ነው።

ወጣቷ፦ ንጉሡ ዲፕሎማሲ ሠሩ፣ ደግ። የዲፕሎማሲው ዘመን ካለፈ በኋላ መንገዱ ለምን ይከፍላል? ቸርችልን በቅርብ የሚያውቀው የስኮትላንድ ከተማ ዳንዲ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት የፓርላማ ወኪሉ ነበር። በ1922 መራጮቹ አባረሩት፣ ያውም መጠጥ ይከልከል ብሎ በተነሳ ሰው አሸንፈው። እሱም ቂም ያዘ፤ በ1943 ከተማው የክብር ነዋሪነት ልስጥህ ሲለው አልፈልግም አለ። የሚያውቁት እንዲህ ሸኙት፣ እኛ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያ አነጠፍንለት።

አዛውንቱ፦ ይህን አላውቅም ነበር። መጠጥ በሚከለክል ሰው መሸነፉ ለሱ የሞት ሞት ነው።

ወጣቷ፦ አሁን ወደ ዘለልሽው ወዳሉኝ ልምጣ። ቴዎድሮስ አደባባይ የት ነው ያለው? ቸርችል ጎዳና መሀል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት ለማን ጦር ነው? ለእንግሊዝ። የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ እዚያው አደባባይ ላይ ቆሟል፤ መድፉን ያሠሩት እንግሊዝ የማይሰጣቸውን መሣሪያ በአገራቸው ለመሥራት ሲሉ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ የመቅደላው ንጉሥ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ተከራይ ሆነዋል።

አዛውንቱ፦ እኔ ደግሞ ያንን ነገር እወደዋለሁ። ጎዳናውን ነገ ሌላ ስም ብትሰጪው ቴዎድሮስ ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። አሁን ቢያንስ አንቺን አስቆጥቷል።

ወጣቷ፦ እኔን ያስቆጣኝ መጽሐፍ ስላነበብኩ ነው። በታክሲ የሚያልፈው ሰው አይቆጣም፣ አይጠይቅም። ስሞቹ ተጣልተው ቢኖሩም እንኳ ጠባቸውን የሚሰማ የለም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ታች እንውረድ፣ ለገሃር እኔን ያግዘኛል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ፣ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ፤ ጣቢያውን ላ ጋር አሉት። የኛ ሰው ምን አደረገው? ለገሃር። እዚያ ላይ ለገጣፎን፣ ለገዳዲን ጨምሪበት። የእነዚያ ለገ የኦሮምኛ ነው፣ ወንዝ ማለት። ለገሃርም ከነሱ ጋር ተሰልፎ ቆሟል፣ እንደ ወንድም። ስንቱ ሰው ነው ለገሃር የኦሮምኛ ስም ነው ብሎ የሚያስበው! ፈረንሳዩ ቢመጣ ቃሉን አያውቀውም። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሲጀመር ደግሞ ለገሃር ጣቢያ የሚል ፌርማታ ወጣለት። ጣቢያ ጣቢያ ማለት እኮ ነው! ማንም ግን አልሳቀ፣ ምክንያቱም ለገሃር ጣቢያ ማለት መሆኑ ቀርቷል። ስም የሚወረሰው እንዲህ ነው። አፍ ያኝከዋል፣ ከዚያ የባለቤቱ አይደለም።

ወጣቷ፦ ለገሃርን ልስጥዎት። ባቡር ጣቢያ ሰውን አላፈናቀለም፣ ቢያንስ ስሙ ለማፈናቀል አልወጣም። ካዛንቺስም ከጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ድርጅት ስም የመጣ ቢሆንም ማንም አይለየውም፣ አኝከነዋል። ፒያሳ ግን አልታኘከም፤ ጣሊያኑ እንደተናገረው ነው ያለው። ደግሞስ ሰው ከፈለገ ስም ይቀይራል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከአብዮቱ በፊት በልዑል መኮንን፣ በሐረሩ መስፍን ስም ነበር የተሠራው። ዛሬ ማን ያስታውሳል? ጥቁር አንበሳ ብሎ በጣሊያን ላይ የተነሳው የአርበኞች ማኅበር ስም ገባበትና ጸና። ስለዚህ መቀየር ይቻላል።

አዛውንቱ፦ ሁልጊዜ አይቻልም። ደርግ መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ አለው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሰልፍ አወጣበት። መንግሥቱ ሲወድቅ ስሙም ወደቀ፤ ደመራው ግን በየዓመቱ አደባባዩን ይጠራዋልና መስቀል ተመለሰ። ለሆስፒታሉ የጸናለት በሽተኛ ስለሚላክበት ነው፤ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ስሙን በትክክል መጥራት ግዱ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። አራዳን የምትመልሺው ቀድሞ ስለነበረ ነው?

ወጣቷ፦ ቀድሞ ስለነበረና በግፍ ስለተነሳ።

አዛውንቱ፦ ከአራዳ በፊትስ? አራዳ የመጣው ከከተማው ጋር ነው። አዲስ አበባ የሚለውን ስም እቴጌ ጣይቱ ከማውጣታቸው በፊት አገሩ ፊንፊኔ ነበር፤ የኦሮሞ መንደሮች፣ የራሳቸው ስም ያላቸው ወንዞችና መስኮች። ቀድሞ መኖርን ሚዛን ካደረግሽው አራዳንም ይነቅልብሻል። ግፍንም ካልሽ፣ የማን ግፍ ከየት ይጀምር? እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ገብቼ ስም ከማወራርድ፣ ሰዉ ዛሬ የሚጠራውን ልቀበል ብዬ ነው።

ወጣቷ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አልሸሸውም። ፊንፊኔ የሚለው ስም ግን አልሞተም፤ በኦሮምኛ ዛሬም የከተማው ስም ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይጠራዋል። አንድ ቦታ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፣ ሁለቱም ባለቤት ካላቸው። ፒያሳን የምቃወመው ሁለተኛ ስም ስለሆነ አይደለም። ስሙን ያመጣው ሰው አራዳን ገዝቶ ወይም ወርሶ ሳይሆን ነዋሪውን በቆዳ ቀለም ለይቶ ስለመጣ ነው። አሁን ግን የእርስዎን ሚዛን ራሱን ልንካው። ስም የሚጠራው ሰው ነው አሉ። የሚጠራው ሰው ቢነሳስ?

አዛውንቱ፦ ወዴት እንደምትሄጂ ገባኝ።

ወጣቷ፦ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተመረቀ፣ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር የሚል መጠሪያም አብሮት መጣ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ቤት ማፍረስ ጀመረ። ዶሮ ማነቂያ። እሪ በከንቱ። እነዚህን ስሞች ጣሊያንም እንግሊዝም አላወጣቸውም። ማዘጋጃ ቤትም አላወጣቸውም። ሰዉ ራሱ፣ በቀልዱና በምሬቱ ያወጣቸው ናቸው፤ ገደል ገብቶ የጮኸ ሰው የሚደርስለት የለም ብሎ እሪ በከንቱ ማለት ከዚህ በላይ አማርኛ አለ? የእርስዎን ሚዛን ሙሉ በሙሉ የሚያሟሉ ስሞች እነዚህ ነበሩ። የቀሩት ግን እነማን ናቸው? ፒያሳ አለ። ቸርችል አለ። ደጎልም እንኳ አለ።

አዛውንቱ፦ ቤቶቹ መጸዳጃ አልነበራቸውም፣ ጣሪያቸው ያፈስ ነበር። እሱን አብረሽ ተናገሪ። እዚያ ያደገ ሰው ጭቃውን አይናፍቅም።

ወጣቷ፦ ስለ ጣሪያው አልተከራከርኩም። ስለ ስሙ ነው።

አዛውንቱ፦ ስሙ ሰሌዳ ኖሮት አያውቅም፣ ስለዚህ ማንም ሊነቅለው የሚችል ሰሌዳ የለውም። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ሲነቅል አራዳ የሚለው ቃል አልተነቀለም፤ እንዲያውም ቦታ ሲያጣ ሰው ላይ ተሳፈረ። ዶሮ ማነቂያም እንዲሁ ነው። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገባው ሰው የት ነህ ሲባል የብሎኩን ቁጥር አይናገርም፤ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ ይላል።

ወጣቷ፦ ያኔ የሄደው ነጋዴው ነበር፣ ነዋሪው ግን ብዙው እዚሁ አካባቢ ቀርቶ ስሙን ጠብቋል። አሁን የሄደው ነዋሪው ነው። ኮንዶሚኒየም የተወለደው ልጅስ የየት ልጅ ነኝ ይላል?

አዛውንቱ፦ እሱን ከሃያ ዓመት በኋላ ጠይቂው። ለጊዜው ግን ሰሌዳሽ ላይ አራዳ ብለሽ የምትጽፊ ከሆነ ከሥሩ ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን ጨምሪ። ፒያሳን መጻፍ አያስፈልግሽም፣ ሳይጻፍም ይጠራል።

ወጣቷ፦ ቸርችልስ?

አዛውንቱ፦ ለዳንዲ ሰዎች መልሺላቸው። አንቀበልም ካሉ እዚሁ ይቆይ።

ወጣቷ፦ የዳንዲ ሰዎች እኮ ተጠይቀዋል ጋሼ፤ በ1922 በድምፃቸው መልሰዋል። ስለዚህ መንገድ ስም እዚህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ማን ጠየቀው?